ማዳበሪያው ላይ ያለው ቁጥር

እኔ ዶርም የገባሁት በማዳበሪያ ነው። እንዳትስቁ፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ነው የገባችሁት። ሻንጣ ያለው በሻንጣው መጣ። የሌለን ደግሞ ብርድ ልብሳችንን፣ በሶአችንንና ጫማችንን ማዳበሪያ ውስጥ ከትተን፣ አፉን በሲባጎ አስረን፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን መጣን።

መቼም በአማርኛችን ማዳበሪያ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሬት የሚዳብርበት ነገር ነው። ሁለተኛው ያ ነገር የመጣበት ጆንያ ነው። ከሰል በማዳበሪያ ይሸጣል፣ እህል በማዳበሪያ ይጫናል፣ ተማሪም በማዳበሪያ ጓዙን ይዞ ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁለቱ ትርጉሞች ጆንያውን በደንብ እናውቀዋለን፤ ውስጡ የነበረውን ግን አናውቀውም።

ይህን የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ ዓመት እንደገባን ሰሞን አንዷ የዶርም ጓደኛዬ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ማዳበሪያ ስታይ ቆይታ “46-0-0 ምንድን ነው? የኳስ ውጤት ነው እንዴ?” አለችኝ። ዶርሙ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያውም ከፎገራ ሜዳ ጫፍ፣ የአንበሳሜ ልጅ። ማዳበሪያ ተሸክሜ፣ በትኜ፣ ባዶውን ጆንያ አጥቤ ነው ያደግሁት። “የማዳበሪያው ቁጥር ነዋ!” ብዬ አለፍኩት።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስኩትን ጥያቄ ዘግይቼ ለመመለስ የማደርገው ሙከራ ነው። የምጽፈው ግን ለገበሬ አይደለም፤ ለእኛ ነው፤ ነገ ማይክ ለምንይዘው። ሐሳቤ አጭር ነው። ስለ ማዳበሪያ ስንዘግብ ስንት ኩንታል እንደገባ እንናገራለን፤ ውስጡ ምን እንዳለ፣ መሬቱስ ምን እንደጎደለው ግን አንጠይቅም። ይህ ዝምታችን ሰው ያስከፍላል። የእኛን ቤት አስከፍሎታል።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አባቴ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር፣ ሁለት ቃዳ መሬት በኮንትራት ይዞ ሽንኩርት ይተክላል። ቃዳ ለማታውቁ፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። የፎገራን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ ሜዳው አያርፍም። ሞተሩ ከወንዝ ውሃ ይስባል፣ ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ይተከላል፣ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አባቴ ያን ሽንኩርት እንደ ልጅ ነበር የተንከባከበው። መጀመሪያ ጥቁሩን ማዳበሪያ ሰጠው፣ ቀጥሎ ነጩን። ጥቁሩ የሚባለው ዳፕ ወይም ኤን ፒ ኤስ ነው፤ ነጩ ዩሪያ ነው። ከዚያ አንድ ጎረቤታችን አየት አደረገና “ቅጠሉ ገርጣ ብሏል፣ ነጩን ድገመው” አለው። ደገመው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ደግሞ ሠለሰው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ “የማነው ይሄ?” እያለ ይጠይቅ ነበር። አባባ ያን ሰሞን አረማመዱ ራሱ ተቀይሮ ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ግን የሰው ሽንኩርት አንገቱ ቀጥኖ፣ ቅጠሉ ተኝቶ ሲደርቅ የእኛው እንደቆመ ቀረ። ስንነቅለው አንገቱ አውራ ጣት ያህላል። ዋጋ ወርዶ ስለነበር “ትንሽ ይቆይ” ተባለና ዳስ ውስጥ ተሰጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሽታው መጣ። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየበሰበሰ ነበር። እማዬና እኔ የተበላሸውን ከደህናው ስንለይ ሰነበትን። የተረፈውን ደላላው በፈለገው ዋጋ ወሰደው። የሞተር ኪራይ አለ፣ የነዳጅ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣ የማዳበሪያው ዕዳ አለ። አባባ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራን፣ ገበያ አውጥቶ ሸጠው። ከዚያ ወዲህ የሚያርሰው እንደሱው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር በመቀናጆ ነው። አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለዚያኛው። ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም።

“ምን ሆኖ ነው ግን?” ስንለው “ሽንኩርት ቁማር ነው” አለን። ጎረቤቱም “ዕድል ነው” አለ። ማናችንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አላነበብንም።

አሁን ወደ ክፍላችን ልምጣ። ዘንድሮ የዜና አጻጻፍ ስንማር “አንድ የግብርና ዜና ጽፋችሁ አምጡ” ተባልን። እኔም ጻፍኩ። ለመኸር ወቅት የሚውል የአፈር ማዳበሪያ ይህን ያህል ኩንታል መቅረቡን፣ ይህን ያህሉ መሠራጨቱን፣ ቀሪውም በወቅቱ ለአርሶ አደሩ እንደሚደርስ “ተገለጸ” ብዬ ጻፍኩ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ሁሉም አለ። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ድጋሚ ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረጠኝ። ይህ ዜና በሬዲዮ ቢነበብ፣ አባባም ማሳው ላይ ሆኖ ቢሰማው፣ ቦራን የሚያድን አንድ ዓረፍተ ነገር አያገኝበትም። ምን የሚለውን ጥያቄ በኩንታል ነበር የመለስኩት። ኩንታል ደግሞ የጆንያው ክብደት ነው እንጂ የውስጡ መልስ አይደለም።

እስቲ እንግዲህ ቁጥሩን እናንብበው። ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ሦስት ቁጥሮች በተርታ ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው። ሁለተኛው ፎስፈረስ፣ ሦስተኛው ፖታሲየም ነው፤ ሁለቱ የሚሰሉት በኦክሳይድ መልካቸው ነው። ቁጥሮቹ መቶኛ ናቸው። ስለዚህ ዩሪያ 46-0-0 ነው ማለት በ100 ኪሎው ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለም ማለት ነው። ዳፕ 18-46-0 ነው። ኤን ፒ ኤስ ደግሞ 19-38-0 ሲሆን በተጨማሪ 7 በመቶ ሰልፈር፣ ማለትም ድኝ አለው። ይኸው ነው። ጓደኛዬን ያሳቃት ነገር የምግብ ዝርዝር ነበር።

ምግቡ ደግሞ የተለያየ ሥራ አለው። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ያሳድጋል፣ አረንጓዴውን ቀለም ይሰጣል። ፎስፈረስ ሥር እንዲሰድ፣ ሰብሉም በጊዜው እንዲያብብና እንዲያፈራ ይረዳል። ፖታሲየም ተክሉ ውሃውን እንዲቆጣጠር፣ እንዲጠነክር፣ በሽታና ድርቅ እንዲችል ያደርገዋል። ድኝ ፕሮቲን ለመሥራት ያስፈልጋል። ሽንኩርት ስትከትፉ የሚያስለቅሳችሁ ነገርም ከድኝ የሚሠራ ነው።

ሽንኩርት ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ናይትሮጅን ሲጨመርለት ቅጠል ማብቀሉን አያቆምም። መድረሱ ይዘገያል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ወፍራም አንገት ደግሞ ደርቆ አይዘጋም። ብስባሴው የሚገባው በዚያ ክፍት በር ነው። እንግዲህ የአባባ ሽንኩርት ዕድል አልጎደለውም ነበር። የጎደለ ነገር ካለ የሚነግረው ሰው ነው። ናይትሮጅን በዛበት፤ ያውም በመጨረሻው ሰዓት።

ስለ ሚዛን የሚያስረዳ አንድ የቆየ ሕግ አለ። ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያስፋፋው፤ ቀድሞ ያነሳው ግን ካርል ሽፕሬንግል የተባለ የአገሩ ሰው ነው። ሕጉ የሚለው፣ ሰብል የሚያድገው በተትረፈረፈለት ንጥረ ነገር ልክ ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ ባጠረው ልክ ነው። ፈረንጆች በበርሜል ይመስሉታል፤ ጣውላዎቹ እኩል ካልሆኑ ውሃው ከአጭሩ ጣውላ በላይ አይሞላም። ለእኔ ግን ጥማድ በሬ ይቀርበኛል። አንዱ በሬ ከሲታ ከሆነ፣ ብርቱውን የፈለግከውን ያህል ብትቀልበው ሞፈሩ የሚሄደው በከሲታው ርምጃ ነው። ለብርቱው የጨመርከው ቀለብ ባክኗል። ዩሪያ ላይ ዩሪያ መድገም አንዳንዴ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ለዚህ ቁጥር ሲሉ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ኦርኪድ የሚባለውን አበባ በማሰሮ አድርገው መስኮታቸው ላይ የሚያሳድጉትን ማለቴ ነው። አንዱ እኩል የተመጠነው 20-20-20 ይሻላል ይላል። ሌላው ኦርኪዱ የተተከለው በዛፍ ቅርፊት ላይ ከሆነ ቅርፊቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙት 30-10-10 ይሁን ይላል። ሦስተኛው እንዲያብብ የመሃሉን ቁጥር ከፍ አድርጉለት ይላል። ልምድ ያላቸው ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ማቅጠኑ ነው፣ በጣም በቀጠነ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት ይላሉ። ለማይበላ አንድ ማሰሮ አበባ! እዚሁ አገራችንም ቢሆን ዝዋይ፣ ሆለታና ሰበታ ያሉት የአበባ እርሻዎች ለጽጌረዳቸው ማዳበሪያውን ከመስኖው ውሃ ጋር በልክ አሟሙተው፣ ጨውነቱንና አሲድነቱን በመሣሪያ እየለኩ ነው የሚያጠጡት። ለአውሮፓ ገበያ የምትሄደው ጽጌረዳ የምትመገበው በልኬት ነው፤ ወጣችን ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ግን በግምት። እኔ አበባው ላይ ቅናት የለኝም። ሽንኩርቱስ ምን አደረገ? ነው የምለው።

ግምቱ ከየት መጣ ካልን፣ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ነውር ነው። ግምቱን የተማረው ከእኛው ከተማሩት ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ማሳ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ለአስርት ዓመታት የታወቁት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ዳፕና ዩሪያ። የተለመደውም ምክር “ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ” የሚል ነበር። ከላይ ያነበብነውን ቁጥር ይዛችሁ ደምሩት፤ 18 እና 46፣ ናይትሮጅኑ 64 ኪሎ ይመጣል፣ ፎስፈረሱ 46። ዋልካ ይሁን ቀይ አፈር፣ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ምክሩ ያው ነበር። ለሁሉም በሽተኛ አንድ ዓይነት ክኒን እንደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ለምን ዜሮ ሆኖ ኖረ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 መርፊ የተባለ ባለሙያ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኩል በታተመ ሪፖርቱ የኢትዮጵያን አፈር ሁኔታ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፈራችን ፖታሲየም በበቂ አለው የሚለው ግንዛቤ ጸና። ያን ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መሬት ባንክ ነው፤ በየዓመቱ ከወጣበት ይጎድላል። እህሉን ለገበያ፣ ገለባውን ለከብት፣ የከብቱን ፋንድያ ኩበት አድርገን ለእሳት ስንሰጥ፣ ተመላሽ የሚሆነው ምኑ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ሥራ በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሥር ተጀመረ። ከየወረዳው አፈር እየተወሰደ ተመረመረ፤ ካርታም ተሠራ። በብዙ ቦታ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሲየም ጎድሎ ተገኘ። ዳፕ ቀርቶ ኤን ፒ ኤስ የመጣው በዚህ ሳቢያ ነው። ቦሮን፣ ዚንክ ወይም ፖታሲየም የተጨመረባቸው ቅይጥ ማዳበሪያዎችም ተከተሉ። ታዲያ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማሳ ላይ የሞከሩ ተመራማሪዎች ቅይጡ በሁሉም ቦታ ምርት እንዳልጨመረ፣ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው አሁንም ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ እንደሆነ አሳይተዋል። ማን ትክክል ነው የሚለውን በዚህ ገጽ አልፈርድም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህን የሚያህል ክርክር፣ የሚሊዮኖች ጓዳ የሚነካ ክርክር፣ በጥናት ወረቀቶች ውስጥ ሲካሄድ እኛ ጋዜጠኞች “ማዳበሪያ ተሠራጨ” እያልን ነበር። ጆንያው ውስጥ ያለው ሲቀየር ለገበሬው የነገረው የጆንያው ቀለምና ዋጋው ነው።

ሜዳችን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሩዝ በፎገራ የጥንት ሰብል አይደለም። በደርግ ጊዜ በደራ የጅግና፣ በፎገራ ደግሞ የሻጋ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ፤ ሩዝ የገባው በነሱ በኩል፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ነው። “ኤክስ ጅግና” የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የቀበሌያችንን ስም ተሸክሞ ይዘራል። ከሩዝ በፊት ያ ረግረግ የፎገራ ላም የሚሰማራበት ነበር። ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። ላሟ ፋንድያዋን ትታ ትሄዳለች። ጓያና ሽምብራ ሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ ጓጉሎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለራሳቸው ይመገባሉ፣ ለመሬቱም ይተርፋሉ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ደለል ያመጣሉ። ማንም ቁጥር ሳይጽፍለት ሚዛን ነበረው።

ዛሬ በዚያው መሬት በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርት ነው። ገቢ አምጥቷል፤ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፤ እኔንም አስተምሮኛል። አልክድም። ግን ከመሬቱ የሚወጣው እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ከጆንያ ብቻ ሆነ። ጆንያው ውስጥ ደግሞ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ነው። ከዚያም አልፎ፣ ዩሪያ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ተበትኖ ሲቀር ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፣ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይወርዳል። የት ይወርዳል? ጣና ነዋ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ጣናን የወረረው እምቦጭ የሚወደው ምግብ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከከተማው ፍሳሽና ከደለሉ ጋር የእኛም ማሳ ድርሻውን ያዋጣል። ገበሬው በዕዳ የገዛውን ማዳበሪያ ለእምቦጭ ያበላል፣ ከዚያ ደግሞ እምቦጭ ለመንቀል በዘመቻ ይወጣል። ከዚህ የባሰ ኪሳራ አለ?

አንድ የክፍላችን ልጅ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቆጣኝ። “ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ነው እንጂ ሚዛን አጥቶ አይደለም። የ2015ቱን ረሳሽው?” አለኝ። አልረሳሁትም። በ2014 ዓ.ም የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ በክልላችን ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ወጥቷል። የተራበ ሰው ፊት ስለ ተመጣጠነ ምግብ ማውራት አያምርም፤ እውነቱን ነው። ግን እኔ የምለው ተቃራኒውን አይደለም። ነገሩ ርካሽ ቢሆን ኖሮ ቢባክንም ባልከፋ። ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ መጥቶ፣ በጭነት መኪና ወረታ ደርሶ፣ ገበሬው በሬውን አስይዞ የሚወስደው ነገር ስለሆነ ነው እያንዳንዱ ኪሎ የት እንደገባ መጠየቅ ያለበት። እጥረቱ ሚዛኑን የበለጠ አስፈላጊ አደረገው እንጂ አላስቀረውም።

“ፋብሪካ ሊሠራ ነው፣ ሁሉም ይፈታል” የሚልም አለ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም ኢትዮጵያን ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርመዋል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የማምረት አቅሙ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ነው ተብሏል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አሁን ቁጥር ማንበብ ችለናልና እናንብብ፤ ዩሪያ ማለት 46-0-0 ነው። ፋብሪካው የመጀመሪያውን ቁጥር ይሰጠናል። ሁለተኛውና ሦስተኛውስ? ዜናውን የዘገብነው በዶላርና በቶን ነው። ይህን ጥያቄ ያነሳ ዘገባ ግን እኔ አልገጠመኝም።

ደግሞ “እኛ ጋዜጠኞች ነን እንጂ አግሮኖሚስት አይደለንም” የሚል ይኖራል። ትክክል። ለዚህም ነው “ፖታሲየም ጨምሩ” ብለን እንዘግብ የማልለው። ያ ሌላ ግምት ነው፤ ጎረቤታችን “ነጩን ድገመው” እንዳለው ማለት ነው። የእኛ ሥራ መልስ ማዘዝ ሳይሆን ጥያቄውን ለሚመለከተው ማቅረብ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማዳበሪያ ዜና የሚጽፍ ሰው ቢያንስ አራት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። ጆንያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? የታሰበው ለየትኛው አፈርና ለየትኛው ሰብል ነው፣ አፈሩስ መቼ ተመረመረ? መቼ፣ በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ እንዴት ይጨመር? ባለፈው ዓመት የተጠቀመበት ገበሬ ከወጪው ጋር ሲሰላ ምን አተረፈ? አራቱም ጥያቄዎች የኬሚስትሪ ዲግሪ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ስልክ መደወልና “ተገለጸ” የሚለውን ቃል ትንሽ መጠራጠር ነው።

የሚጠየቅ ሰው ደግሞ አለ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ጎጃም ውስጥ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ። መምህራኖቻችንም ይህን ካነበባችሁልን አንድ ነገር ልለምን፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር የተግባር ልምምድ ስታወጡ አንድ ቀን ስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን ማሳ ላይ ውሰዱን። ዜናችንን ከመግለጫ ሳይሆን ከጆንያው እንጀምር።

ለመጨረስ ያህል የጥምቀት ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። ቤት ሄጄ ነበር። አባባ ሽንኩርቱን ሊተክል ሲዘጋጅ አገኘሁትና ጥቁሩን ማዳበሪያ አስወጥቼ ቁጥሩን አነበብኩለት። እያንዳንዱን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ጣቱን ሦስተኛው ቁጥር ላይ አደረገና “ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ዜሮ ስገዛ ኖሬአለኋ?” አለኝ።

“ዜሮው ጥፋት አይደለም አባባ። መሬቱ ካለው አያስፈልገውም። ጥያቄው አለው ወይስ የለውም ነው።”

“ማን ያውቃል?”

“አፈሩ ይመረመራል።”

ትንሽ አሰብ አደረገና “ካንቺ ትምህርት ቤት ወዲያ ማን ሊመረምርልኝ ነው፤ አንቺው ውሰጂው” አለ። እኔም ባነበብኩት መሠረት ማሳውን ዚግዛግ እየሄድን ከአስር ቦታ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ድረስ አስቆፈርኩት። በባልዲ ቀላቀልነው፣ ጥላ ላይ አሰጣነው፣ ኪሎ የሚሆነውን በፌስታል ቋጠርነው። እማዬ “ሰው ከቤቱ በሶ ይዞ ይሄዳል፣ አንቺ አፈር ትጭኛለሽ?” እያለች ሳቀች። ዩሪያውን በተመለከተ ደግሞ ከአባባ ጋር ተስማምተናል፤ ዘንድሮ ከፋፍሎ ይሰጠዋል፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ግን እጁን ይሰበስባል። ጎረቤታችን ምንም ቢል!

አፈሩ አሁን አልጋዬ ሥር፣ ያው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ላቦራቶሪ አደርሰዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ፣ ፖታሲየም በቂ አለ ቢልም የለም ቢልም፣ በዚሁ ቡሌቲን ላይ እጽፋለሁ። እናንተም ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ጓዝ የያዛችሁበትን ጆንያ ገልበጥ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡት፤ ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው። የመጀመሪያው ዘገባችሁ እሱ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።